በጎ ፈቃድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቀን ቁረጡ

በአካባቢያችሁ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከፈለጋችሁ «ጊዜ ሳገኝ» አትበሉ። እንደዛ የተባለ ነገር ሲጀመር አላየሁም። አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በዓመት ከ100 ሰዓት ይበልጣል።

ስትሄዱ ደግሞ የምትችሉትን ከመዘርዘር በፊት «ምን ጎደላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ቤተ መጻሕፍት የሄድኩት ልጆች ላስጠና ብዬ ነበር። ለካ አስጠኚ ሞልቷል። የጠፋው የተገነጠሉ መጻሕፍትን የሚጠግን ሰው ነው። አንዱን አጣብቄ ገና ሳይደርቅ አንዲት ልጅ መጥታ «ይሄን ስንት ቀን ፈለግኩት!» አለችኝ። እስኪደርቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሌላ ሥራ አላገኘሁትም።

ቋሚ ሰዓት ለማይመቸው ደም መለገስ አለ። በአንዴ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከጥቂት ቀናት በላይ ስለማይቀመጥ ለጋሽ የሚፈለገው አደጋ ሲደርስ ብቻ አይደለም፣ ሁሌም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ መቅረታችሁ ካልቀረ ቀድማችሁ ደውሉ። እናንተን ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።