የስፔን እውነታዊ ልቦለድን ከዳርዊን ጋር ስታነቡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

«ፎርቱናታ የተፈጥሮ ኃይል ናት።» በተማሪዎች ረቂቅ ውስጥ ይህን ሳነብ ከልቤ እናደዳለሁ፤ ደጋግሜ ስላየሁት ከእሱ እጀምራለሁ።

ስፔናዊው ደራሲ ጋልዶስ በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው «ፎርቱናታ እና ኻሲንታ» ውስጥ የሀብታም ልጁ ኹዋኒቶ ፎርቱናታን መጀመሪያ የሚያገኛት ማድሪድ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ ቆማ ጥሬ እንቁላል ስትመጥ ነው። ሕጋዊ ሚስቱ ኻሲንታ መካን ናት፤ ድሃዋ ፎርቱናታ ግን ትወልድለታለች። ተማሪው ይህን ያይና በዳርዊን ስም «ብርቱው ዘር አሸነፈ» ብሎ ይዘጋዋል። ሴትዮዋስ የት ገባች? «ልጅ የወለድኩለት እኔ ስለሆንኩ እውነተኛዋ ሚስት እኔ ነኝ» የሚለውን ክርክር ራሷ አስባ ያቆመችው ነው፤ «የእኔ ሐሳብ» ትለዋለች። መውለዷን በሕጉና በቤተ ክርስቲያኑ ጋብቻ ላይ መከራከሪያ አድርጋዋለች። ልትሞት ስታጣጥርም ሕፃኑን ለኻሲንታ እንደሰጠች ደብዳቤ አስጽፋለች። ተፈጥሮ ደብዳቤ አታስጽፍም። እባካችሁ፣ ወንዶቹ ስለ እሷ የሚያስቡትን የደራሲው ፍርድ አታድርጉት።

ፈረንሳዊውን ልቦለድ ጸሐፊ ዞላንና ዳርዊንን አትቀላቅሉ። ሰው በዘር ውርሱና በአካባቢው ታስሯል የሚለው የዞላ አቋም ነው። ስፔናዊቷ ደራሲ ኤሚሊያ ፓርዶ ባዛን የነጻ ፈቃድን ጉዳይ አንስታ የተከራከረችው ከእሱ ጋር ነው። ቀደም ብላ፣ በ1877፣ ዳርዊናዊነትን የሚተች ጽሑፍ አሳትማለች። ስለዚህ የዳርዊን ደቀ መዝሙር አትበሏት፤ ሐሳቡን ግን ጠንቅቃ ታውቀው ነበር።

በ1886 የወጣውን የእሷን ልቦለድ «ሎስ ፓሶስ ደ ኡዮአ» ስታነቡ ደግሞ ማን እንደሚመርጥ ልብ በሉ። ዶን ፔድሮ ከአጎቱ ልጆች መካከል ሚስት ሲፈልግ ዓይኑ ሪታ ላይ ያርፋል፤ ከፊቷ ይልቅ ቁመናዋን የሚያየው ጤናማ ወራሽ ትወልድልኛለች ብሎ ነው። ዳርዊን በ1871 መጽሐፉ በብዙ እንስሳት ዘንድ የምትመርጠው ሴቷ እንደሆነች፣ በሰው ልጅ ግን ምርጫውን ወንዱ እንደያዘው ጽፏል። ዶን ፔድሮ በመጨረሻ የሚያገባው ግን የሪታን እህት፣ ቀጭኗን ኑቻን ነው። «ደካማ ስለነበረች ጠፋች» ብሎ መጻፍ ግን የባሏን ሚዛን መዋስ ነው። ኑቻ ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ለመሸሽ አቅዳ፣ ቄሱን ኹሊያንን እርዳኝ ብላ ነበር። የከሸፈው ባሏ ስለደረሰባቸው ነው።

ዘመኑንም አትርሱ፦ የዳርዊን ሐሳብ ስፔን ውስጥ ሰላማዊ የክፍል ትምህርት አልነበረም። በ1875 መንግሥት ከካቶሊክ እምነት ጋር የሚጋጭ ትምህርትን ሲከለክል፣ አንቀበልም ያሉ መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ተባረዋል።

በመጨረሻ፣ የሴትን ታሪክ በማህፀኗ ብቻ አትለኩ። የፓርዶ ባዛን ልቦለድ የ«ላ ትሪቡና» ዋና ገጸ ባሕርይ አምፓሮ የትንባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ለጓደኞቿ ጋዜጣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ በአመጽም ትመራቸዋለች። አንድ መኮንን አስረግዞ ይከዳታል። ጽሑፋችሁ ውስጥ እርግዝናዋ ሦስት ገጽ ወስዶ ፋብሪካው አንድ መስመር ከሆነ፣ ረቂቁን እንደገና ጻፉት።