መጀመሪያ ላጲሱን ሰብስቡ

የስምንተኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ወረቀት ላይ አብረው እንዲስሉ ማድረግ ደስ ይላል። ጣጣም አለው። ሐረር ሥዕል ሳስተምር ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ዋናውን የሠራሁት እኔው ነኝ።

እሱም ትልልቆቹ የትንንሾቹን ሥዕል «ሲያስተካክሉ» ዝም ማለት ነው። እባካችሁ ተዉ! አንድ ጊዜ ጀጎልን በትልቅ ካርቶን እየሳልን ነበር። አምስቱን የጥንት በሮች ለአምስት ቡድን አካፈልኩ። ፈላና በር የደረሳት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከበሩ ሥር ጅብ ሳለች። የፊት እግሮቹ ረጃጅም፣ የኋላዎቹ አጫጭር፣ ጀርባው ቁልቁል የወረደ። የስምንተኛው ልጅ ሳቀና በላጲስ ድራሹን አጠፋው። አራቱንም እግር እኩል አድርጎ፣ ጥላ ጨምሮ፣ አሳምሮ ሳለው። እኔም «ጎበዝ!» አልኩት።

ልጅቷ ቀና አለችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ውሻ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይረዝማል። እሷ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ከአባቷ ጋር ቆማ አይታለች። እኛ ሁለታችን ግን አፍረን ተያየን። እሷም እርሳሷን አስቀመጠች፤ ሳምንቱን ሙሉ አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳይጀመር ላጲስ እሰበስባለሁ። ትልቁ ያልገባው ነገር ካለ ይጠይቃት፦ «እግሩ ለምን ረዘመ?» በቃ።

ንድፉን ትልቁ ጨርሶ ትንሿን «በይ ቀለም ቀቢ» ማለትም ያው ነው። ይሄ የጉልበት ሥራ እንጂ የጋራ ሥዕል አይደለም።

ወንድምና እህት አታጣምሩ። የቤታቸውን ጠብ ይዘውት ይመጣሉ።

ግድግዳ ላይ ከሆነ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ያለውን ለትንንሾቹ ልቀቁላቸው። ወንበር ላይ ቆሞ መሳል የለም። የወደቀ አለ።

ድሬዳዋ የምታስተምሩ ደግሞ ውጭ የምትሠሩ ከሆነ በጠዋት ጀምሩ። ቀትር ላይ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ይደርቃል፤ ልጆቹም ይደክማሉ።

የዘይት ቀለም ለሁለተኛ ክፍል? በፍጹም። በሳሙና አይለቅም። ያን ዩኒፎርም ይዛ የመጣችን እናት ተጋፍጫታለሁ፤ ለናንተ አልመኝላችሁም።