ውሻና ኮንዶሚኒየም፦ የቤት ባለቤቶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«የገዛ ቤቴ ነው፣ ማን ምን አገባው?» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው አነበበውም አላነበበውም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይገዛል። በካሊፎርኒያ አንዲት ባለቤት ሦስት ድመቶቿ ከቤት እንደማይወጡ፣ ማንንም እንደማይረብሹ፣ ቤቱን ስትገዛም እንስሳ ማሳደግ የሚከለክለውን ደንብ እንዳላወቀች ተከራክራ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ክልከላው ይጸናል አለ፤ ቀድሞ የተመዘገበ ነበርና። ስለዚህ «የኔ እንስሳ ጨዋ ነው» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ከመግዛትዎ በፊት ደንቡን ከነማሻሻያዎቹ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ስህተት የቃል ፈቃድ ማመን ነው። ሊቀመንበሩ ደረጃ ላይ አግኝቶዎት «ኧረ ችግር የለውም» ቢልዎት ደስ ይላል። በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ሰው ሲመጣ ግን ያንን ቃል ማን ያስታውሰዋል? ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

የክብደት ገደብ ካለ ቡችላውን ዛሬ መዝኖ መደሰት አይሠራም። ደንቡ 10 ኪሎ ካለ፣ እቅፍ ውስጥ የሚገባው የላብራዶር ቡችላ ሲያድግ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

«ውሻዬ አይጮኽም» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። እርስዎ ቤት ሲሆኑ አይጮኽ ይሆናል፤ ጎረቤት የሚማረረው እርስዎ ከወጡ በኋላ ነው። አንድ ቀን ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ይተዉትና ይውጡ። በሩ እንደተዘጋ ማላዘን ከጀመረ ብቸኝነት ከብዶታል ማለት ነው። ቁጣ ያባብስበታል እንጂ አይጠቅመውም። ከመውጣትዎ በፊት ያንሸራሽሩት፣ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተለዩት ቀስ በቀስ ያስለምዱት። ቅጂው ጸጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ቀንና ሰዓቱን ጽፈው ያስቀምጡት፤ አቤቱታ ሲመጣ ለኮሚቴው የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። (ሊፍት ውስጥ ውሻ የሚፈራ ጎረቤት ካለ ቀጣዩን መጠበቅ ደንብ ባያስገድድም ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል።)

ተናደው ወርሃዊ መዋጮ አያቋርጡ። የውሻው ጉዳይ ሳያልቅ የዕዳ ክስ ይጨመርብዎታል።

ከጠቅላላ ጉባኤ መቅረትም ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ ክልከላ ከወጣ ማን እንዳጸደቀው በቃለ ጉባኤው ላይ ይመልከቱ። በብዙ ማኅበራት ኮሚቴው ብቻውን መተዳደሪያ ደንቡን መለወጥ አይችልም፤ የአባላት ድምፅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ደንብ ቀድመው የነበሩትን እንስሳት ይተዋል፤ ያ ውሻ ሲሞት ግን ሌላ መተካት ላይፈቅድ ይችላል። ማየት ለተሳነው ሰው የሚያገለግል መሪ ውሻን ደግሞ የብዙ አገር ሕግ ከቤት እንስሳ ለይቶ ነው የሚያየው።

ቤቱን የሚያከራዩ ከሆነ «ድመቷ የተከራዩ ናት» ብለው እጅዎን አይታጠቡ። ማኅበሩ የሚያውቀው ባለቤቱን ነው፤ ቅጣቱም ወደ እርስዎ ይመጣል። የማኅበሩን ደንብ ከኪራይ ውሉ ጋር አያይዘው ተከራዩን ያስፈርሙት፤ ቅጣት ቢመጣ ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይጻፍ።