መንግሥት አዲስ ሥልጣን ሲጠይቅ ረቂቅ ሕጉን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ቦምብ ይፈነዳል፣ ሰው ይሞታል፣ ብዙም ሳይቆይ ሚኒስትሩ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አዲስ ሕግ ያስፈልገናል ይላል። በዚያ ሰዓት ሁሉም አዝኗል፣ ሁሉም ፈርቷል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለሟቾቹ ግድ የሌለው ይመስላል። እኔ ግን ረቂቁ መነበብ ያለበት ልክ ያኔ ነው እላለሁ። ሐዘኑ ይበርዳል፣ ሕጉ ግን ይቆያል፣ ነገ የሚሠራበትም ሰው ዛሬ ቃል የገባው ሚኒስትር ላይሆን ይችላል።

ምሳሌዎቼን ከብሪታኒያ እወስዳለሁ። እዚያ ሰነዱ ክፍት ነው፣ ብዙዎቹ ሕጎችም ከወጡበት እስከተሻሩበት ድረስ ታሪካቸው ታውቋል። ለንደንና ሌሎች ከተሞች ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ይሄ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሕጉን ስም እርሱትና ሥልጣኑን የሚሰጠውን አንቀጽ ፈልጉ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በደረሰ በሦስት ወር ገደማ፣ በዲሴምበር 2001፣ የብሪታኒያ ፓርላማ የፀረ ሽብር፣ የወንጀልና የደኅንነት ሕግ አወጣ። ሕዝቡ የሰማው ሽብር የሚለውን ነው። በኦክቶበር 2008 ላንድስባንኪ የተባለው የአይስላንድ ባንክ ሲወድቅ፣ የብሪታኒያ መንግሥት በዚሁ ሕግ የባንኩን ንብረት አገደ። አይስላንዳውያን «እኛ አሸባሪዎች አይደለንም» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ንዴታቸው ይገባኛል፣ ግን የብሪታኒያ መንግሥት ከሕጉ አልወጣም ነበር። አንቀጹ ሽብርን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። የአገሪቱን ኢኮኖሚ የሚጎዳ ድርጊት ተፈጽሟል ወይም ሊፈጸም ይችላል ብሎ ማመን ይበቃው ነበር። ይህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በግልጽ የተጻፈ ነው፣ ማንም አልደበቀውም።

ስለዚህ አንቀጹን ስታነቡ ሚኒስትሩ የጠቀሰውን ወንጀለኛ ከአእምሯችሁ አውጡት። ይህ ዓረፍተ ነገር ሌላ ማንን ይይዛል? ተቃዋሚ ሰልፈኛን? ጋዜጠኛን? ባንክን? ወረቀቱ ላይ «አይይዝም» የሚል ከሌለ ይይዛል ማለት ነው። ሚኒስትሩ «ለዚያ አንጠቀምበትም» ቢል ከልቡ ሊሆን ይችላል፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ግን አያስርም።

ከዚያ ወደ ትርጓሜው ክፍል ሂዱ። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ዋናው ጨዋታ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። የብሪታኒያ ፖሊስ በሰልፍ ላይ ገደብ ከሚጥልባቸው ምክንያቶች አንዱ «ከባድ መስተጓጎል» መኖሩ ወይም ይኖራል ተብሎ መታመኑ ነው። በ2023 መንግሥት የዚህን ከባድነት መለኪያ «ከቀላል ከፍ ያለ» ወደሚል ዝቅ ማድረግ ፈለገ። የላይኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ሎርዶቹ፣ አልቀበልም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሱኤላ ብሬቨርማን ያንኑ ነገር ደንብ አድርጋ አወጣችው። እኛ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ብለን እንደምንለየው ማለት ነው። አዋጁ በር ከከፈተ ሚኒስትሩ ቀሪውን በደንብ ይጨርሰዋል፣ ደንብ ደግሞ እንደ አዋጅ አንድ በአንድ አይመረመርም። ሊበርቲ የተባለው የመብት ድርጅት ከሰሰ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሜይ 2024 ደንቡ ሕገ ወጥ ነው አለ፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2025 አጸናው። እስከዚያ ድረስ ግን ሰዎች በዚያ ደንብ ተይዘዋል፣ ተከሰዋል። ረቂቅ ውስጥ «ሚኒስትሩ በደንብ ሊወስን ይችላል» የሚል ሐረግ ካገኛችሁ አስምሩበት።

ቁጥርም ጠይቁ። ለምን ይሄ ቁጥር? በብሪታኒያ በሽብር የተጠረጠረን ሰው ያለ ክስ ማቆየት የሚቻለው በ2000ው ሕግ 7 ቀን ነበር። በ2003 ሕግ 14 ሆነ። ጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ በደረሰው ጥቃት 52 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ የቶኒ ብሌር መንግሥት 90 ቀን ጠየቀ። ፖሊስ ስለፈለገው ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 የታችኛው ምክር ቤት 322 ለ291 ድምፅ ጣለው፤ ብሌር ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ ወዲህ በምክር ቤቱ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም የተረፈውን ተመልከቱ። 90 ስለወደቀ ሰው ደስ አለው፣ በምትኩ 28 አለፈ። ከነበረው እጥፍ ነው! ትልቅ ቁጥር ተጠይቆ ሲቀነስ ቅናሹን ከተጠየቀው ጋር ሳይሆን ትናንት ከነበረው ጋር አወዳድሩ። ብሌርን የተካው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በ2008 ተመልሶ 42 ቀን ጠየቀ፣ በታችኛው ምክር ቤት በ9 ድምፅ ብልጫ አለፈለት፣ ሎርዶቹ ግን 309 ለ118 መልሰው ጣሉት።

28ቱ ቀን እንዴት ቀረ? ሲጸድቅ በየጊዜው በፓርላማ ካልታደሰ ይወድቃል የሚል አንቀጽ ገብቶበት ነበር። በጃንዋሪ 2011 አዲሱ መንግሥት ሳያድሰው ቀረ፣ ጣሪያውም በራሱ ወደ 14 ተመለሰ። እኔ ማንኛውንም የአደጋ ጊዜ ሕግ ሳይ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ይህንን አንቀጽ ነው። የማብቂያ ቀን የሌለው ሥልጣን እንዲሻር ሌላ ሕግ መውጣት አለበት፣ ያለውን ሥልጣን ልመልስ ብሎ የሚነሳ መንግሥት ደግሞ ብርቅ ነው።

የማብቂያ ቀን ብቻውን ግን አይበቃም። ማን ይፈርማል፣ ማን ያውቃል? በ2000ው የሽብር ሕግ አንቀጽ 44 ፖሊስ በተፈቀደለት ቦታ ማንንም ያለ ምንም ጥርጣሬ አስቁሞ መፈተሽ ይችል ነበር። ፈቃዱ ቢበዛ ለ28 ቀን ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ገደብ ይመስላል። መሬት ላይ ግን መላው ለንደን ከ2001 ጀምሮ በተከታታይ በሚታደስ ፈቃድ ሥር ነበር፣ ይህም በይፋ የታወቀው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። በ2005 በብሌር ፓርቲ በሌበር ጉባኤ ላይ የ82 ዓመቱ ዋልተር ቮልፍጋንግ፣ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ያመለጠ ሰው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለ ኢራቅ ሲናገር «የማይረባ ወሬ!» ብሎ ጮኸ። ጎትተው አስወጡት፣ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክርም ፖሊስ በሽብር ሕጉ አስቆመው። ፓርቲው ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በ2009/10 በዚህ አንቀጽ ከ100,000 በላይ ሰው ተፈተሸ፣ በሽብር ወንጀል የተያዘ አንድም አልነበረም። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2010 ሥልጣኑ የግል ሕይወት መብትን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ከሚፈተሹት መካከል ጥቁሮችና እስያውያን ከሕዝብ ብዛታቸው ጋር በማይመጣጠን መጠን በዝተው ይገኙ ነበር። የእኛ ልጆችም የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነው።

ወሬው ራሱም መነበብ አለበት። በሴፕቴምበር 2002 የብሌር መንግሥት ስለ ኢራቅ ባወጣው ሰነድ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎቿን «በ45 ደቂቃ» ውስጥ ዝግጁ ማድረግ ትችላለች የሚል አባባል ነበረ፣ ጋዜጦችም አስፈሪ ርዕስ አደረጉት። መረጃው ግን ስለ አጭር ርቀት የጦር ሜዳ መሣሪያ እንጂ ለንደን ስለሚደርስ ሚሳይል አልነበረም። አስፈሪ ቁጥር ስትሰሙ የምን? የት? ማንን የሚመታ? በሉ።

ቀኑንም እዩ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ እየነደደች፣ ጆ ሙር የተባለች የአንድ ሚኒስትር አማካሪ መቅበር የምንፈልገውን ዜና ለማውጣት ጥሩ ቀን ነው ብላ ለባልደረቦቿ ጻፈች። ኢሜይሉ ወጣ፣ እሷም በ2002 ሥራዋን ለቀቀች። አሁንም ፓርላማ ለዕረፍት ሊዘጋ ሲል በመጨረሻው ቀን መግለጫዎች ይጎርፋሉ። ትልቅ ዜና ባለበት ሳምንት የሚኒስቴሮቹን ገጽ ማየት ልማድ አድርጉት።

ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው። የፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ረቂቁንና ማብራሪያውን በነፃ ታገኛላችሁ። ከማብራሪያው ጀምሩ፣ ቋንቋው ይቀላል፣ ግን የጻፈው ራሱ መንግሥት መሆኑን አትርሱ። ቀጥሎ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ስለ ረቂቁ ሪፖርት አውጥቶ እንደሆነ ፈልጉ። ሥልጣኑ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ስንት ጊዜ፣ በእነማን ላይ እንደዋለ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ጠይቁ። ዜግነት አያስፈልግም፣ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፣ መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን መመለስ አለበት። የስለላ ድርጅቶቹ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው፣ ፖሊስ ግን ውስጡ ነው።

የአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይም የመረጡትን ብቻ ሳይሆን በወረዳው የሚኖረውን ሁሉ ይወክላል፣ ፓስፖርት ባይኖራችሁም ማለት ነው። አድራሻችሁን ከነፖስታ ኮዱ አስገቡ፣ አለበለዚያ መልስ አታገኙም። ረጅም ቁጣ አትጻፉ። የአንቀጹን ቁጥር ጥቀሱና አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፦ ይህ ሥልጣን መቼ ያበቃል፣ ካላበቃስ እንዲታደስ የሚጠይቅ ማሻሻያ ይደግፋሉ? ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት እንዲደርስ ቀኑን ከፓርላማው ገጽ አይታችሁ ላኩት።