የኮምፕሌክስን መረጋጋት በድብልቅ ሶልቨንት ስትለኩ ማስወገድ ያለባችሁ ስህተቶች

ኮምፕሌክስ ማለት ሜታል አዮንና እሱን የሚይዘው ሞለኪውል ወይም አዮን (ሊጋንድ) አብረው የሚፈጥሩት ነው። ሊጋንዱ ውሃ ውስጥ አልሟሟ ሲል ኢታኖል ወይም ዳይኦክሴን ቀላቅሎ መሥራት ያለ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሶልቨንቱ (ማሟሚያው) ተቀይሮ ሌላው ሁሉ ግን እንደ ውሃ ሲቆጠር ነው።

የፒኤች ሜትሩን ቁጥር እንዳለ መውሰድ። ይሄን ማየት በጣም ሰልችቶኛል። ኤሌክትሮዱ በ4 እና በ7 ባፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ ሶሉሽን) ይስተካከላል። ባፈሮቹ የውሃ ናቸው። ከዚያ ግማሹ ዳይኦክሴን የሆነ ሶሉሽን ውስጥ ይነከራል። ስክሪኑ 5.32 ይላል፤ ደብተሩ ላይም 5.32 ይጻፋል። ይህ ቁጥር የሃይድሮጅን አዮኑን ኮንሰንትሬሽን አይነግራችሁም። ሶልቨንቱ ሲቀየር የአዮኑ አክቲቪቲም (ኤሌክትሮዱ የሚሰማው ውጤታማ መጠኑ)፣ ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅም ይቀየራል። ቫን ዩተርትና ሃስ ለዳይኦክሴንና ውሃ ድብልቅ ማስተካከያ ያወጡት በ1953 ነው፤ ዛሬም ሳያስተካክል የሚጽፍ አለ። ኮንሰንትሬሽኑ በትክክል የሚታወቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዚያው ድብልቅ፣ በዚያው የጨው መጠንና ሙቀት አዘጋጁ። በቤዝ ታይትሬት አድርጉት (ቤዙን እየለካችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩበት)። ሚሊቮልቱን በቀጥታ ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር አዛምዱ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

የውሃን ቋሚ ቁጥሮች ይዞ መሄድ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ የመዳብ ኮምፕሌክሷ ሞዴል ፒኤቹ ከፍ ሲል አልገጥም ብሏት መጣች። ሞዴሉ ላይ ሃይድሮክሶ (OH የያዘ ኮምፕሌክስ) ጨምራለች፣ ዳይመር (ሁለት የተጣመሩ ኮምፕሌክሶች) ጨምራለች፣ ወይ ፍንክች። ፕሮግራሙን ስንከፍተው ፒኬደብሊው (ውሃው ራሱ ወደ አዮኖች የሚከፈልበት ቋሚ ቁጥር) 13.78 ተብሎ ተቀምጧል። እሱ የውሃ ነው። እሷ በምትሠራበት ግማሽ ዳይኦክሴን ውስጥ ከ15 ያልፋል። የሊጋንዱ ፒኬኤም (የአሲድነቱ መለኪያ) እንደዚያው ነው። አሴቲክ አሲድ ውሃ ውስጥ 4.76 ሲሆን ሜታኖል ውስጥ ከ9 በላይ ነው። በራሳችሁ ድብልቅ ለኩት።

«ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ስለቀነሰ መረጋጋቱ ጨመረ» ብሎ መዝጋት። ይህ ቁጥር ሶልቨንቱ የቻርጆችን መሳሳብ ምን ያህል እንደሚያዳክም ይናገራል። በ25 ዲግሪ ውሃ ወደ 78፣ ኢታኖል ወደ 24 ስለሆነ ኢታኖሉ ሲበዛ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አዮኖች ይበልጥ መሳሳባቸው እውነት ነው። ግን ሶልቨንቱ ራሱም ሜታሉን ይይዛል። ሮዝ የኮባልት ክሎራይድ ሶሉሽን ላይ አሴቶን እየጨመራችሁ እዩት። ቀስ በቀስ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ኮባልቱን የከበበው ውሃ እየለቀቀ ክሎራይድ ቦታውን ይወስዳል። ውሃ ጨምሩበት፣ ሮዝነቱ ይመለሳል። ፖታሲየምና 18-ክራውን-6 (ቀለበት ቅርጽ ያለው ሊጋንድ) ደግሞ ውሃ ውስጥ ሎግ ኬያቸው (የመረጋጋት ቋሚያቸው ሎጋሪዝም) 2 አካባቢ፣ ሜታኖል ውስጥ 6 አካባቢ ነው። ክራውኑ ቻርጅ የለውም እኮ፤ የአዮኖች መሳሳብ ብቻ ይህን አያስረዳም! ሜታኖልና አሴቶናይትራይል ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንታቸው ይቀራረባል፤ ነገር ግን አሴቶናይትራይል መዳብ አንድን (Cu⁺) አጥብቆ ስለሚይዝ ሊጋንዳችሁ መጀመሪያ እሱን ማስለቀቅ አለበት።

«50 በመቶ» ብሎ ማለፍ። በቮልዩም ነው በክብደት? በቮልዩም ግማሽ በግማሽ የሆነ ኢታኖልና ውሃ፣ የኢታኖሉ ሞል ፍራክሽን (በሞለኪውል ብዛት ያለው ድርሻ) 0.24 ብቻ ነው። 50 እና 50 ሚሊ ሊትር ስትቀላቅሉም 100 አይሞላም።

አየሩን ለማስወጣት ናይትሮጅን የምታስገቡ ከሆነ ቀድሞ በዚያው ድብልቅ ውስጥ ይለፍ፤ አለበለዚያ ኢታኖሉን ይዞት ይሄዳል።

ፐርክሎሬት ባለበት ሶሉሽን ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ ኤሌክትሮድ አትንከሩ። ፖታሲየም ፐርክሎሬት ይዘቅጥና ጫፉን ይደፍነዋል። በሶዲየም ክሎራይድ ቀይሩት።

ከተከፈተ የቆየ ዳይኦክሴን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል። ሊጋንዱንም ሜታሉንም ኦክሲዳይዝ ሊያደርግ ይችላል፤ ሲተን የቀረው ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ፣ ከመጠቀማችሁ በፊትም ፈትሹት።