አኒሜ አከፋፋይ ከሆንክ ፓይረሲን እንዴት ትዋጋለህ (የኦዴክስ ዕጣ ሳይደርስብህ)

ከጃፓን ስቱዲዮ ላይሰንስ ገዝተህ ለአንድ ሀገር ወይ ለአንድ ቀጠና አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ልታከፋፍል ካሰብክ ይሄን ከአሁኑ ልመድ፣ ብር ከፍለህ ያመጣኸውን ሲሪስ አንተ ፖስተሩን እንኳን ሳታሠራ ሰብታይትል ተሠርቶለት ቶረንት ላይ (ሰዎች ፋይል እርስ በርስ የሚለዋወጡበት መንገድ ነው) ታገኘዋለህ። ያው ደም ይፈላል። ግን ጠበቃ ጋ ከመደወልህ በፊት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲንጋፖር ውስጥ ኦዴክስ የሚባለው አከፋፋይ ምን እንደገጠመው እወቅ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፣ ኦዴክስ ቤይቲኤስፒ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ቀጥሮ ቶረንት የሚያወርዱ ሰዎችን አይፒ አድሬስ (የኢንተርኔት መስመራቸው የሚታወቅበትን ቁጥር) አስለቀመ፣ ከዛ ፍርድ ቤት ሄዶ ሲንግኔትና ስታርሀብ የሚባሉት የኢንተርኔት አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን ስም እንዲሰጡት አስወሰነ፣ ስሙን ሲያገኝ ደግሞ ከ3,000 እስከ 5,000 የሲንጋፖር ዶላር ክፈሉና ከክስ ውጭ እንጨርስ የሚል ደብዳቤ በየቤቱ ላከ። ከተያዙት መሀል የ9 ዓመት ልጅ ሳይቀር አለበት። የ9 ዓመት ልጅ! ከዛ በኋላ ኮፒ ራይት የማን ነው ብሎ የሚሰማህ ሰው የለም፣ አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርገው ውልህን አውጥተህ ማንበብ ነው፣ የምሬን ነው፣ ቁጭ ብለህ እያንዳንዷን መስመር። የምትፈልገው «ብቸኛ» ወይ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ቃል ነው፣ እሱም ለየትኛው ሥራ፣ ለየትኛው ሀገር፣ ለዲቪዲ ብቻ ነው ወይስ ኢንተርኔትንም ይጨምራል የሚለውን። ኦዴክስን የጣለው ይሄ ነው። ሦስተኛው የኢንተርኔት አቅራቢ ፓሲፊክ ኢንተርኔት ስም አልሰጥም ብሎ ተከራከረ፣ ነሐሴ 2007 ላይ ፍርድ ቤቱ አብዛኞቹ ሥራዎች ላይ አንተ ብቸኛ ባለላይሰንስ አይደለህም፣ ስለዚህ ይሄን የመጠየቅ መብት የለህም ብሎ መለሰው። ጥር 2008 ላይ ይግባኙም ውድቅ ሆነ፣ ስሙ የተሰጠው ራሳቸው መጥተው ክሱ ውስጥ ለገቡት የጃፓን ስቱዲዮዎች ነው። ከዚህ የምትወስደው ስቱዲዮው ባለበት ካልሆነ ፍርድ ቤት እንዳትሄድ ነው፣ እንደውም ውሉን ስትፈርም ፓይረሲ ሲመጣ ማን ይከሳል፣ ወጪውን ማን ይችላል የሚል አንቀጽ አስገባ፣ ከፈረምክ በኋላ ማን ይሰማሃል።

ሁለተኛ፣ አይፒ አድሬስ ሰው አይደለም። ቶረንት ላይ ፋይል የሚያወርድ ሁሉ አይፒው ለሌሎቹ ይታያል፣ ለቃሚው እዛው ገብቶ አይፒውን፣ የፋይሉን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ አቅራቢው ያንን አይፒ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ሊሰጠው ይችላል፣ ስለዚህ መዝገቡ ላይ 21:40 የሚል ካለ የየት ሀገር 21:40 ነው? የሰዓት ዞኑን ካሳሳትክ ደብዳቤህ ምንም የማያውቅ ሰው ቤት ይገባል። ልክ ብትሆን ራሱ ስሙ የሚወጣው ኢንተርኔቱን የሚከፍለው አባት ነው፣ ያወረደው ልጁ ይሁን፣ ዋይፋይ የተዋሰ ጎረቤት ይሁን አታውቅም። በኔ አስተያየት የሚያይ ሰው ላይ ባትሄድ ነው የሚሻለው። ሂድ ካልክ ወደ ሚጭነውና ማስታወቂያ ለጥፎ ብር ወደ ሚሠራበት ሳይት ነው።

እዚያ ላይ ብዙ አላወራም፣ ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ አለው፣ ባለመብቶች ቪዲዮአቸውን አስመዝግበው ኮፒው ሲጫን ሲስተሙ ራሱ ይይዘዋል፣ ለሌላው ደግሞ አንሱልኝ የሚል ማመልከቻ ለሳይቱም ሰርቨር ለሚያከራየውም ትልካለህ። አሰልቺ ነው፣ አንዱን ስትዘጋ ሌላ ይከፈታል፣ ግን አዲስ ክፍል በወጣበት ቀን ከሠራኸው ይጠቅማል።

ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው። እኔ ራሴ በፋንሰብ (ፋኖች ራሳቸው ተርጉመው ያለ ላይሰንስ በሚያሰራጩት) ነው ያደግኩት፣ እና ሰው ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም እዛ የሚሄደው፣ ቶሎ ስለሚወጣና ትርጉሙ ላይ ስለሚጨነቁ ነው። የኦዴክስን ቪሲዲ ፋኖች የሚያሙት በሰብታይትሉና በምስሉ ጥራት ነበር። ክራንቺሮል በ2006 ሲጀምር ሰው ያለ ላይሰንስ የሚጭንበት ሳይት ነበረ፣ ከዛ በጥር 2009 ከቲቪ ቶኪዮ ጋር ተስማምቶ ናሩቶ ሺፑደን የሚባለውን ሲሪስ ጃፓን ውስጥ በታየበት ቀን ማሳየት ጀመረ፣ ፋኑም ሰተት ብሎ ተከተለው። የታይዋኑ አከፋፋይ ሚውዝ ኮሙኒኬሽንም ሚውዝ ኤሺያ በሚለው የዩቲዩብ ቻናሉ ለእስያ ተመልካቾች በነጻ፣ በማስታወቂያ እየደጎመ ያሳያል። ስለዚህ ላይሰንስ ስትደራደር የስርጭቱን ቀን ተደራደር፣ ስድስት ወር ዘግይተህ የምታመጣው ሲሪስ ላይ ብርህን አታባክን። ለተርጓሚ የምትከፍለውን አትቆጥብ፣ ከቻልክ ፋንሰብ የሚሠሩትን ልጆች ራሳቸውን ቅጠራቸው፣ ገጸ ባሕሪው ለምን እንደዛ እንደተናገረ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አፍህንም ጠብቅ። ከኦዴክስ ኃላፊዎች አንዱ ኢንተርኔት ላይ ስለ ደብዳቤዎቹ ሲያሾፍ ተገኝቶ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ ለምን ያ ሁሉ?

የግድ ደብዳቤ መላክ ካለብህ ደግሞ የመጀመሪያው ላይ ብር አትጠይቅ። የትኛው ፋይል፣ መቼ፣ በየትኛው ሰዓት ዞን እንደተያዘ ጻፍ፣ እኔ አይደለሁም የሚል ሰው የሚመልስበት ስልክ አድርግ፣ ከታች ደግሞ ያንኑ ሲሪስ አንተ ጋ የሚያይበትን ሊንክ አስገባ፣ ሊንኩም ከሀገሩ የሚከፈት መሆኑን ከመላክህ በፊት በራስህ ስልክ ሞክረው።