የቤዝመንት እርጥበትና ሽታ፦ በመጨረሻ የሠራው መፍትሔ

ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ሐምሌ ወር። ለፊልምና ለጨዋታ የተዘጋጀው ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል) ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ከሶፋው ጀርባ ያለው የምንጣፍ ጥግ ሲረግጡት ካልሲ ያርሳል። የእርጥበት መለኪያው 74 በመቶ ያሳያል።

መጀመሪያ መስኮት ከፈትን፤ ባሰበት። የሐምሌ አየር ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ቀጥሎ ከውስጥ ውሃ የሚከላከል ቀለም ቀባን፤ በሦስት ሳምንት ተላጠ። ኮንክሪቱ ከጀርባ እየረጠበ ቀለም አይይዝም።

ምንጩን የለየልን የወጥ ቤት ፎይል ነው። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉና 48 ሰዓት ተዉት። ላዩ ከረጠበ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ ጀርባው ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከውጭ ነው። እኛ ጋ በሦስቱ ግድግዳዎች ላዩ፣ በዚያ ጥግ ግን ጀርባው ነበር የረጠበው።

ከጥጉ ውጭ የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን መሠረቱ ሥር ያፈስ ነበር። 2 ሜትር ቱቦ ቀጠልንበት፣ አፈሩንም በ3 ሜትር ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ደለደልን። ለአየሩ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ዲሁሚዲፋየር (ከአየሩ እርጥበት የሚያወጣ ማሽን) 50 በመቶ ላይ ማድረግ ነው። የውሃ ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ስለሚቆም የማሽኑን ቱቦ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ስደዱት። አዲሱን ምንጣፍ ያነጠፍነው የእርጥበት መለኪያው 48 በመቶ ላይ ከረጋ በኋላ ነው።